አልዶ ሊዮፖልድ (እ.ኤ.አ. 1887–1948)፦ አውሬን ከማጥፋት መሬትን ወደ መንከባከብ

በገጠር የሚኖር ሰው በማሳው ዳርቻ ይሰማው የነበረው የቆቅ ወይም የድርጭት ድምፅ ሲጠፋ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው በሌሊት የሚዞረውን አውሬ ነው። ይህ ጥርጣሬ በአንዳንድ አገሮች ከመንደር ወሬ አልፎ የመንግሥት ሕግና የመንግሥት በጀት ሆኗል። በሰሜን አሜሪካ ዋነኛው ተጠርጣሪ ኮዮት ነበር። ኮዮት በኢትዮጵያ የማይገኝ፣ ከተኩላ የሚያንስ፣ ከኛው ቀይ ቀበሮ ጋር ግን በአንድ ወገን የሚመደብ ሥጋ በል እንስሳ ነው። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ግራም አይበልጥም። አይጥ፣ ጥንቸል፣ ጥንብ፣ ፍራፍሬና ነፍሳት ይመገባል፤ መሬት ላይ የምትጥል ወፍ ጎጆዋን ካገኘባትም እንቁላሏን አይተውም። በዚህና ከሁሉ በላይ በቤት እንስሳት ላይ በሚያደርሰው ጥፋት ምክንያት በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኮዮቶች በመርዝ፣ በወጥመድና በጥይት እንዲያልቁ ተደርጓል።

ይህ ዘመቻ የሚታደኑ ወፎችን በእርግጥ ያበዛቸው እንደሆነ በዘዴ እንዲመረመር መንገድ ከከፈቱት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ አልዶ ሊዮፖልድ ናቸው። ሊዮፖልድ የዱር እንስሳት አያያዝ ራሱን የቻለ ሙያና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዲሆን ያደረጉ አሜሪካዊ የደን ባለሙያ ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸውን ልዩ የሚያደርገው፣ በኋላ የተቃወሙትን ዘመቻ በወጣትነታቸው ከፊት ሆነው የመሩት ራሳቸው መሆናቸው ነው።

ሊዮፖልድ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1887 በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው የበርሊንግተን ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከጀርመን የመጣ ሲሆን በቤት ውስጥ የሚነገረውም ጀርመንኛ ነበር። አባታቸው ካርል ሊዮፖልድ የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚያመርት ፋብሪካ ባለቤትና ጎበዝ አዳኝ ነበሩ። ካርል በጊዜው ሕግ ያልከለከለውን የጸደይ ወራት የዳክዬ አደን፣ ወፎቹ የሚራቡበት ወቅት ነው ብለው በራሳቸው ፈቃድ የተዉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ጠመንጃ መያዝንም ጠመንጃ ማስቀመጥንም የተማሩት ከእርሳቸው ነው። ሊዮፖልድ እስከ ዕለተ ሞታቸው አዳኝ ሆነው መኖራቸው መዘንጋት የለበትም፤ አደንን እንደተቃወሙ አድርጎ የሚነገረው ስሕተት ነው።

በዬል ዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርታቸውን አጠናቀው እ.ኤ.አ. በ1909 በማስተርስ ዲግሪ ከተመረቁ በኋላ በአሜሪካ የደን አገልግሎት ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ምድባቸው በዚያን ጊዜ ገና ክፍለ ግዛት ባልሆነችው በአሪዞና፣ በአፓች ብሔራዊ ደን ነበር። በዚያው ዓመት ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ ከታች ወንዝ የምትሻገር ተኩላና ያደጉ ግልገሎቿን አዩ። ተኩላን አይቶ አለመተኮስ በዘመኑ የሚታሰብ ነገር ስላልነበረ ሁሉም ተኮሱ። ሊዮፖልድ የእናቲቱን የመጨረሻ ትንፋሽ ቀርበው ተመለከቱ። ነገሩ በዚያን ጊዜ ምንም የለወጠባቸው አይመስልም፤ ትርጉሙን በጽሑፍ ያሰፈሩት ከ35 ዓመት በኋላ ነው።

በ1911 ወደ ሰሜን ኒው ሜክሲኮ ተዛውረው በሚቀጥለው ዓመት የካርሰን ብሔራዊ ደን ኃላፊ ሆኑ። በጥቅምት 1912 ከሳንታ ፌ ከተማ ታዋቂ ቤተሰብ የተወለዱትን ኤስቴላ በርጊርን አገቡ። በ1913 የጸደይ ወራት ከበግ አርቢዎች ጋር የነበረ የግጦሽ ጉዳይ ሊጨርሱ ወጥተው በዝናብና በበረዶ ተመቱ፤ ሕመሙ ወደ ኩላሊታቸው ገብቶ ለሞት ተቃረቡ። ለማገገም ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ወደ ሥራ ሲመለሱ እንደ ቀድሞው በፈረስ ተራራ ለተራራ መዞር ስላልቻሉ በቢሮ ሊሠራ የሚችል አዲስ ኃላፊነት ተሰጣቸው፤ እርሱም በደኖቹ ውስጥ ያሉትን የሚታደኑ እንስሳትና ዓሦች ጉዳይ መከታተል ነበር። ወደ ዱር እንስሳት ሙያ ያስገባቸው ይህ አጋጣሚ ነው።

የሊዮፖልድ የዚህ ዘመን አቋም ግልጽና ጨካኝ ነበር። በኒው ሜክሲኮ የአዳኞች ማኅበራትን አደራጁ፣ ጋዜጣቸውንም አዘጋጁ፤ ተኩላ፣ የተራራ አንበሳና ኮዮት ከክፍለ ግዛቱ ጨርሰው እንዲጠፉ ወተወቱ። ስሌቱ ቀላል ነበር፦ አውሬ ካነሰ አጋዘንና ወፍ ይበዛል፣ አጋዘንና ወፍ ከበዛ አዳኙ ይረካል፣ ከብት አርቢውም ይደሰታል። የአሜሪካ ኮንግረስም ከ1915 ጀምሮ ለዚህ ተግባር ገንዘብ መድቦ ነበር። የመንግሥት ቅጥረኞች በስትሪክኒን የተመረዘ ሥጋ በየሜዳው ይጥሉ ነበር፤ በየክፍለ ግዛቱም የኮዮት ጆሮ ወይም ቆዳ ላመጣ ሰው ገንዘብ ይከፈል ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው ለተገደለው እንስሳ እንጂ ለተረፈው ወፍ አልነበረም። ስንት ወፍ እንደተረፈ የሚቆጥርም አልነበረም።

በ1924 ሁለት ነገሮች ሆኑ። በእርሳቸው ሐሳብ አመንጪነት በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው ከ300 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ የጊላ ደን መንገድ እንዳይሠራበት ተከልሎ በተፈጥሮው እንዲቆይ ተወሰነ፤ ይህም በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ሊዮፖልድ ወደ ዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ ተዛውረው በደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። የላቦራቶሪው ሥራ በተቆረጠ እንጨት ላይ ያተኮረ በመሆኑ ብዙም አልተስማማቸውም። በ1928 የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው፣ የስፖርት ጠመንጃና ጥይት አምራቾች ተቋም በመደበው ገንዘብ በመካከለኛው ሰሜን ክፍለ ግዛቶች ያሉትን የሚታደኑ እንስሳት ሁኔታ ማጥናት ጀመሩ።

ጥናቱ ሊዮፖልድን ከገበሬ በር ወደ ገበሬ በር ያዞረ ነበር። በየደረሱበት ስለ ድርጭት፣ ስለ ፌዛንትና ስለ ዱር ተርኪ ይጠይቁ ነበር። ያዩት ነገር ግን ከሚነገረው ጋር አልገጠመም። ወፎቹ በጠፉበት አገር ሁሉ የጠፋ ሌላም ነገር ነበር፤ በማሳ አጥር ሥር ያድግ የነበረው ቁጥቋጦ ተመንጥሯል፣ ረግረጉ በቦይ ደርቋል፣ በእርሻዎች መካከል የቀረው ጫካ ከብት ገብቶበት ሥሩ ተራቁቷል። ወፍ የሚሸሸግበትና በክረምት የሚበላው በሌለበት መሬት ላይ ኮዮት ኖረ አልኖረ ለውጡ ትንሽ ነበር። የጥናቱ ውጤት በ1931 በመጽሐፍ ታተመ።

በዚያው ዘመን የሁለት ሌሎች ሰዎች ሥራ የሊዮፖልድን ሐሳብ አጠናከረ። አንዱ በጆርጂያና በፍሎሪዳ ድርጭት ላይ ለዓመታት ምርምር ያደረጉት ወዳጃቸው ኸርበርት ስቶዳርድ ናቸው። በደቡቡ የአደን ርስቶች ጭልፊት ድርጭት ጨራሽ ነው ተብሎ በታየበት ይገደል ነበር። ስቶዳርድ የሜዳ ጭልፊቶች ከተመገቡ በኋላ የሚተፉትን የአጥንትና የፀጉር ድቡልቡል ሰብስበው መረመሩ። ከአንድ ሺህ በላይ ከሚሆኑት ድቡልቡሎች የድርጭት ቅሪት የተገኘው በአራቱ ብቻ ነበር፤ በአብዛኞቹ ውስጥ ግን የድርጭት እንቁላል የሚበላው የሜዳ አይጥ ተገኘ። ጭልፊቱን ሲገድል የነበረው የርስቱ ጠባቂ የድርጭቷን ጠላት ሲመግብ ኖሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፖል ኤሪንግተን ናቸው። ኤሪንግተን በዊስኮንሲን፣ በሊዮፖልድ አማካሪነት፣ ቦብዋይት የተባለችውን ድርጭት ክረምቱን እንዴት እንደምታልፍ አጠኑ። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። በበረዶ ላይ የወፎቹን ዱካ እየተከተሉ እያንዳንዱን መንጋ ከበልግ እስከ ጸደይ ይቆጥሩ ነበር፤ የጉጉትን ድቡልቡልና የቀበሮን ፋንድያ እየፈቱም በውስጡ ያለውን ይለዩ ነበር። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። አንድ የተወሰነ ማሳ ክረምቱን የሚያሳልፈው የተወሰነ ቁጥር ያለው ድርጭት ነው፤ በበልግ ከዚህ በላይ ቢገኝ ትርፉ በጉጉት፣ በቀበሮ፣ በረሃብ ወይም በብርድ ያልቃል። ጥሩ መሸሸጊያና ቅርብ ምግብ ያላቸው ድርጭቶች ሥጋ በል አራዊት በዙሪያቸው እያሉም እምብዛም አይጠቁም። ስለዚህ አውሬው የሚወስደው በአብዛኛው መሬቱ ሊሸከመው ያልቻለውን ትርፍ ነው። አንዱን አውሬ ማጥፋት ደግሞ ትርፉ በሌላ ምክንያት እንዲሞት ከማድረግ አያልፍም።

ሊዮፖልድ ይህን ሁሉ አቀናብረው እ.ኤ.አ. በ1933 ስለሚታደኑ እንስሳት አያያዝ የጻፉትን ትልቅ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የፕሮፌሰርነት መንበር ሰጣቸው። በመጽሐፉ ውስጥ አውሬ በወፍ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአምስት ነገሮች እንደሚወሰን አስረድተዋል። እነርሱም የወፉ ብዛት፣ የአውሬው ብዛት፣ አውሬው አብልጦ የሚወደው የምግብ ዓይነት፣ የወፉ ጤንነትና የማምለጫ ቦታው፣ በአካባቢው ያለው ሌላ ምግብ ናቸው።

አምስተኛው ነጥብ ኮዮትን በሚመለከት ልዩ ክብደት አለው። ኮዮት በዋናነት የሚኖረው በአይጥና በጥንቸል ነው። እነዚህ በበዙበት ዓመት ወፍ ፍለጋ አይደክምም፤ በድርቅ ወይም በበሽታ ሲያልቁ ግን ፊቱን ወደ ጎጆዎች ያዞራል። በአንድ ዓመት ንጹሕ የነበረው እንስሳ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቦታ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኮዮት ጎጂ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ቦታና ጊዜ ሳይጠቀስ መልስ የማይኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሊዮፖልድ አውሬን መቆጣጠር ፈጽሞ አያስፈልግም ብለው አልጻፉም። ቁጥራቸው እጅግ ያነሰ ወፎች በጠባብ ቦታ ሲጠበቁ ወይም አንድ የተለየ አውሬ መንጋ ላይ ሲለምድ፣ በዚያ ቦታ ላይ ብቻ የተወሰነ እርምጃ ሊያስፈልግ እንደሚችል ተቀብለዋል። የተቃወሙት ሳይቆጠርና ሳይጠና በመላ አገር የሚካሄደውን ጅምላ ግድያ ነው።

የንድፈ ሐሳቡ ፈተና የተካሄደው በገበሬዎች ማሳ ላይ ነው። ከ1931 ጀምሮ በማዲሰን አቅራቢያ፣ በራይሊ መንደር፣ ገበሬዎችና ከከተማ የሚመጡ አዳኞች በሊዮፖልድ አስተባባሪነት አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ከተሜዎቹ ገንዘብና ችግኝ ያቀርባሉ፤ ገበሬዎቹ ደግሞ ከማሳቸው ጥግ ቁጥቋጦ ይተዋሉ፣ የቀረውን ረግረግ ከከብት ያጥራሉ፣ በክረምት ለወፎቹ እህል ያኖራሉ። በምላሹ ያለ ፈቃድ ገብቶ የሚተኩስና አጥር የሚያፈርስ ሰው ይቀርላቸዋል። ይህ ዝግጅት የሁለቱንም ወገን ጥቅም ያገናዘበ በመሆኑ ለዓመታት ጸንቷል። ሊዮፖልድም ከተማሪዎቻቸው ጋር እየሄዱ ወፎቹን ይቆጥሩበት ነበር።

በ1935 ለጥናት ወደ ጀርመን ተጓዙ። በዚያ ያገኙት ንጹሕና በመስመር የተተከለ ደን ነበር፤ ሥጋ በል አራዊት የጠፉበት፣ አጋዘኑ በሰው እጅ የሚመገብበት፣ ከዛፎቹ ሥር ግን አንዲት ለጋ ቡቃያ የማትታይበት። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ደግሞ በሰሜን ሜክሲኮ፣ በቺዋዋ ተራሮች በሪዮ ጋቪላን ወንዝ አካባቢ አደኑ። በዚያ ተኩላና የተራራ አንበሳ አሉ፤ አጋዘኑ ጤነኛ፣ ሣሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወንዙም የጠራ ነበር። ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ማየታቸው የቀረውን ጥርጣሬያቸውን ሳያስወግድላቸው አልቀረም።

በዚያው በ1935 ሊዮፖልድ በዊስኮንሲን ወንዝ ዳር አፈሩ የተሟጠጠና ባለቤቶቹ የተዉትን የእርሻ መሬት ገዙ። ስፋቱ መጀመሪያ 32 ሄክታር ያህል ሲሆን በላዩ የቀረው ቤት የዶሮ ማደሪያ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ፍጉን ጠርጎ፣ ምድጃ ሠርቶ የዕረፍት ቀን መኖሪያው አደረገው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የጥድ ችግኞች ተከሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው በድርቅ ደረቀባቸው፣ እነርሱም መልሰው ተከሉ። ሊዮፖልድ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሡ የትኛው ወፍ በስንት ሰዓት እንደሚዘምር ይመዘግቡ ነበር።

በሕዝብ ፊት የተፈተኑት ግን በ1943 ነው። በዚያ ዓመት የዊስኮንሲን የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚሽን አባል ሆነው ተሾሙ። ተኩላ በጠፋባቸው የሰሜን ደኖች አጋዘን ከመጠን በላይ በዝቶ፣ ቅጠል የሚደርስበትን ሁሉ ጨርሶ፣ በክረምት በረሃብ ይረግፍ ነበር። ሊዮፖልድ ሴትና ጥጃ አጋዘን ሳይቀር እንዲታደንና ቁጥሩ እንዲቀንስ ሐሳብ አቀረቡ። በዚያ የአደን ወቅት ከ120 ሺህ በላይ አጋዘኖች ተገደሉ። የሕዝቡ ቁጣ ብርቱ ነበር፤ ተቃዋሚዎቻቸው እርሳቸውን የሚያወግዝ ጋዜጣ እስከ ማሳተም ደረሱ። አውሬን በማጥፋት የተጀመረው ሥራ ያስከተለውን ጣጣ ለመጨረስ ጠመንጃ ያስፈለገ መሆኑን ለተቆጣ አዳኝ ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ ሊዮፖልድም በሕይወታቸው ሳሉ ብዙኃኑን አላሳመኑም። በዚህ ግርግር መካከል፣ በ1944፣ ከ35 ዓመት በፊት በአሪዞና የገደሏትን ተኩላ ታሪክ ጻፉ። በጽሑፉ የራሳቸውን የወጣትነት እምነት ያለ ማስተባበያ አቀረቡ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1948 በጎረቤት መሬት ላይ የተነሣ የሣር እሳት ለማጥፋት ሲረዱ ልባቸው ቆሞ በ61 ዓመታቸው ሞቱ። የድርሰቶቻቸው ስብስብ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ተቀባይነት ማግኘቱን ከሰሙ ገና አንድ ሳምንት ያህል ነበር። መጽሐፉ በ1949 ታትሞ በልጅ ልጆቻቸው ዘመን በሰፊው ተነበበ። አምስቱም ልጆቻቸው በሳይንስ ሙያ ተሰማሩ፤ ከእነርሱም ሦስቱ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነዋል። የበኩር ልጃቸው ስታርከር ሊዮፖልድ ራሳቸው የድርጭት ተመራማሪ ሲሆኑ፣ በ1964 የፌዴራል መንግሥቱን የአውሬ ቁጥጥር አሠራር አጥብቆ የነቀፈውን ሪፖርት ያቀረበው ቡድን ሰብሳቢ ነበሩ። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌዴራል መሬት ላይ አውሬን በመርዝ መግደልን የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ።

ኮዮት ግን ከዚያ ሁሉ ዘመቻ በኋላ አልጠፋም። እንዲያውም ተኩላ በተወገደባቸው አገሮች እየገባ፣ በፊት ከማይታወቅበት ከምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ደርሷል። ከሊዮፖልድ ሞት በኋላ የተደረጉ ምርምሮችም ጥያቄውን ይበልጥ አወሳስበውታል። በሰሜኑ ሜዳዎች በዳክዬ ጎጆዎች ላይ የተካሄደና በ1995 የታተመ ጥናት፣ ኮዮት በነገሠበት ቦታ 32 በመቶ ያህሉ ጎጆ ጫጩት ሲያፈራ፣ ሬድ ፎክስ የተባለው አነስተኛ ቀበሮ በነገሠበት ቦታ ግን የተሳካለት 17 በመቶው ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ኮዮት ከእርሱ የሚያንሰውን ቀበሮ ከግዛቱ ስለሚያባርር ነው፤ ቀበሮው ደግሞ ጎጆ ፈልጎ በማግኘት ከኮዮት ይበልጣል። በምዕራብ ቴክሳስ ኮዮት እንዲቀንስ በተደረገባቸው ቦታዎች በተካሄደና በ1999 በታተመ ሌላ ጥናት አነስተኛ ሥጋ በል አራዊት መብዛታቸው ታይቷል፤ ከድርጭት ጋር በአንድ ግጦሽ የሚኖረው ትልቁ ጥንቸልም እንዲሁ በዝቷል።

በዊስኮንሲን ወንዝ ዳር ያለችው የዶሮ ማደሪያ ዛሬም ቆማ ትገኛለች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብላ ተመዝግባለች። ቤተሰቡ የተከላቸው ጥዶች ዙሪያዋን ከብበዋታል።